ፀሐይ ሳታመልጠኝ

ሠዓሊው ጎህ ሲቀድ የሸራ ማቆሚያውን በትከሻው፣ የቀለም ሳጥኑን በእጁ አንጠልጥሎ ይወጣል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ የቆመው በእሷ መርፌ ነው።

«ቁርስህስ?»

«ፀሐይ ታመልጠኛለች!»

መልክዓ ምድር ነው የሚስለው፤ ያውም ኢምፕሬሽኒስት ነው። ቃሉን ሲጠራ አገጩን ቀና ያደርጋል። «ሌላው ዛፍ ይስላል፤ እኔ ዛፉ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው የምስለው» ይላል። ሚስቱ ሐይቁ የቱ፣ ሰማዩ የቱ እንደሆነ ባይገባትም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታብራራለች። አንዴ እንዲያውም ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሥዕል ፊት ቆማ አብራርታለች፤ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ ፀሐይ አኩርፋኝ ዋለች» ብሎ የገባ ቀን ሠዓሊው እራት አይበላም። «ዛሬስ ፈገግ አለችልኝ» ያለ ቀን ደግሞ ያፏጫል፤ ሚስቱንም ጉንጯን ይስማታል።

ለእህቷ ግን ነገሩ አልጣማትም።

«አንቺ ሞኝ፣ ብርሃን ለመሳል ሽቶ ይቀባል?»

«የቀለሙን ሽታ ለማጥፋት ነው።»

«ያቺ ሥዕሎቹን የምትሸጥለት የሥዕል አዳራሽ ባለቤት ናት ያዞረችው። ኋላ እህቴ አልነገረችኝም እንዳትይ!»

የሰው ወሬ ውስጥ ውስጡን ይበላልና፣ ሚስት አንድ ቀን ብድግ ብላ አዳራሹ ሄደች። የአዳራሹን ባለቤት በከዘራ የሚሄዱ፣ ጥርስ የከዳቸው አሮጊት ሆነው አገኘቻቸው።

«ባልሽን ምከሪልኝ እስኪ ልጄ፤ ከዓምና ወዲህ አንድ ሥዕል አላመጣም።»

ሚስት እፎይ ብላ፣ እየሳቀች ተመለሰች። ብርሃን እንዲህ በዋዛ ይያዛል እንዴ! እህቷንም ልክ ልኳን ነገረቻት።

«የኔ ባል ከፀሐይ በቀር ዞሮ የሚያያት የለችም!»

ክረምት ገባ። ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ሠዓሊው ግን ከመውጣት አልቦዘነም።

«በዚህ ዝናብ?»

«ፀሐይ ለሚጠብቃት ብቅ ማለቷ አይቀርም።»

አንድ ቀን ዶፉ ሲወርድ፣ ጃንጥላውን ረስቶ መሄዱን አየች። አንጀቷ አልችል አለ። የጀመረችውን ቀሚስ ማሽኑ ላይ ጥላ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ባሏ ወደሚስልበት ሐይቅ ወረደች። ዳር ዳሩን ብትዞር ሠዓሊም ሸራም የለም። የጀልባዎቹ ዘበኛ ከዛፎቹ ኋላ ያለ ቢጫ በር በአገጩ ጠቆማት።

«ሠዓሊው? እዚያ ተጠልሏል።»

አንኳኳች። ፀጉሯ ገና ከመታጠብ ያልደረቀ፣ ሻል ጣል ያደረገች ሴት ከፈተችላት። ሚስት በጭቃ በተለወሰ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ቆማ እጅ ነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ! ባሌን ስላስጠለልሽልኝ። እንዳንቺ ያለ ደግ ባይኖር ይሄኔ በብርድ አልቆልኝ ነበር።»

ሴትየዋ ሻሏን ሰብሰብ አደረገች።

ከመኝታ ቤቱ የሠዓሊው ድምፅ መጣ።

«ፀሐይ፣ የኔ ቆንጆ፣ ማነው በሩ ላይ?»