ባዶ የተተወው የሟች ስም

ቤታችን ፍሪጅ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ተለጥፏል። «ምስር ወጡን አሙቀሽ ብዪ» የሚል የእናቴ ጽሑፍ ነበረበት። በሞተች በዓመቷ መሥሪያ ቤቴ ያለው፣ የሞቱ ጸሐፊዎችን ከእጅ ጽሑፋቸው የሚያናግር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። በገዛ ድምፅዋ «በላሽ ወይ?» አለችኝና ቀለሙ ጠፋ። ማሽኑ አንድን ጽሑፍ የሚያናግረው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጽሑፉ ይጠፋል።

ዛሬ ሙዚየማችን ውስጥ ተራው የጥንት ግብፅ ፓፒረስ፣ የደንገል ወረቀት፣ ነበር፤ ሟች በወዲያኛው ዓለም መንገድ እንዳይስት አብሮት የሚቀበር ጸሎት። አለቃዬ ጋሽ ይርዳው «ደራሲውን ሳታውቂ እንዳትወጪ!» ብለውኛል። ምሁራኑ ደራሲው ማን ነው በሚለው ሲነታረኩ አርጅተዋል።

ፓፒረሱን ማሽኑ ላይ ዘርግቼ ስከፍተው የአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ድምፅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ መጣ።

«አባቴ፣ ይህን ጸሎት የደረሰው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ከመምህሬ ገለበጥኩ፤ እሱም ከመምህሩ። ይልቅ የሟቹን ስም ጻፋችሁለት? ገዢው ከፍሎ ሲወስደው ይሞላል ብዬ ቦታውን ክፍት ትቼ ነበር።»

«ቦታው አሁንም ክፍት ነው፤ ገዢ አልመጣም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ የለፋሁት ለማን ነው?» ድምፁ ተሰበረ።

መስመሮቹ እየደበዘዙ ነበር። እርሳሴን አነሳሁና ክፍቱ ቦታ ላይ ጻፍኩ።

«አስካለ ወልደየስ ትባላለች። እናቴ ናት።»

«እሰይ! በይ አታስቢ፣ መንገዱን አትስትም» አለና ጠፋ።

ጋሽ ይርዳው እየሮጡ ገቡ። ፓፒረሱ ላይ የቀረው የእናቴ ስም ብቻ ነው።

«ደራሲው ተገኘ?»

«አልተገኘም ጋሼ» አልኩ፤ «ሟቿ ግን ተገኝታለች።»