ያልተቀባው ስንዝር

አከራይዋ ቀለሙን የገዛችው ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ነው።

የተከራይዋ ሕፃን ደሟ ተመርምሮ እርሳስ ተገኝቶበታል። ሐኪሙ የልጅ አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ መሆኑን ነግሯት፣ የቤቱን አሮጌ ቀለም ጠርጥሯል። ከተረጋገጠ ቤቱ ይታሸጋል።

«እርሳስ?» አለች አከራይዋ። «ከወዲሁ ጸሐፊ ልትሆን ነው?»

ተከራይዋ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ልጄ መዳህ ከጀመረች ወዲህ እየከሳች ነው።»

«ከእናንተ በፊት ለማንም አላከራየሁትም። የራሴ መኝታ ቤት ነበር። ማንም አልሞተበትም።»

ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ልጇን ጠርታ መሰላል አስያዘችው። ቁልፍ አትሰጠውም፤ የትኛው የትኛውን በር እንደሚከፍት እስካሁን አልለየም።

«ያዝ ካልኩህ ያዝ። ልቀቅ ካላልኩህ አትልቀቅ። የአባትህ ዘር!»

አባቱን በዚሁ ቃል ሰድባ ካባረረች ሠላሳ ዓመት አልፏል።

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀችው። መስኮቱ ዘንድ ስትደርስ እጇ ቆመ። የእንጨቱ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች ተደርድረዋል። ትክ ብላ አየቻቸው፤ ፈገግም አለች። አንድ ስንዝር ያህል ሳትቀባ ተወች።

የላይኛውን ጥግ ልትጨርስ መሰላሉ ላይ እንደወጣች ተቆጣጣሪው ገባ። ወረደች።

«እማማ፣ ቀለሙ አልደረቀም እኮ።»

«ለእንግዳ ክብር ነው።»

ሰውየው አዲሱን ቀለም በምላጭ ፋቀ። ከሥሩ ብቅ ያለውን አረንጓዴ በመመርመሪያ ጥጥ አሸው። ጥጡ ቀላ።

«እርሳስ አለበት» አለ።

አከራይዋ አልደነገጠችም። ያልተቀባውን ስንዝር አሳየችው። «ይኸውልህ። እናት ተብዬዋ ስታንቀላፋ ልጇ መስኮቴን ትግጣለች። እንጨት ለሚበላ ልጅ እኔ ምን ላድርግ? ጻፈው።»

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየ። «እውነት ነው፤ የልጅ ጥርስ ነው። ቀለሙም አብሮ ተበልቷል።» ብዕሩን አወጣ።

ተከራይዋ ሕፃኗን አቅፋ ቀረበችና ከንፈሯን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ባዶ ድድ ነው።

«ሰባት ወሯ ነው። ገና አላበቀለችም።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቀረ። «ታዲያ እዚህ ክፍል ውስጥ ያደገ ሌላ ልጅ ማን ነው?»

አከራይዋ ዞር አለች። ልጇ ሰው የሌለበትን መሰላል በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ እንደያዘ ነው።