ስለ ጣሊያኑ ሆድ

«ውጣና እኔ ነኝ በላቸው!»

«እኔ አይደለሁማ!»

«አንተ ነህ! ‹ተቀበል› ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ!» ጓደኛዬ ደሜ በክርኑ ጎኔን ደቃኝ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እኛ በሹክሹክታ እንጨቃጨቃለን።

«ተቀበል ብያለሁ። የሰጠሁት ግን ስለ ሆዱ ነው! አርበኛ የሚል ቃል ካፌ ወጥቷል? ወጥቷል ወይ?»

«ለጣሊያኑ አስረዳዋ እንግዲህ!»

ጣሊያኑ መሀል ቤት ቆሟል። የአዝማሪውን የጋሽ ተክለማርያምን ግራ እጅ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ፣ ሁለት ወታደሮች ክንዳቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘውለታል። የጠመንጃውን ሰደፍ አነሳና አወረደው። ቋ! አለ፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰብሩት እንደሚለው። ትንሿ ጣታቸው ወደማትታጠፍበት ዞረች።

እኔ ስቄ የማላልፈው ነገር የለም። ይሄን ግን አፌ እንቢ አለ።

ሰውዬው እኮ የለመድነው ሰው ነው። በየእሁዱ ከሰዓት ወታደሮቹን አስከትሎ፣ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ወይዘሮ ዋጋነሽ ጠጅ ቤት ይመጣል። ጋሽ ተክለማርያም ማሲንቋቸውን ሲገዘግዙ እሱ ከጎን እየሳበ እየገፋ ይከተላቸዋል። ቃል አይግባቡም፤ ዜማው ላይ ግን እንደ ጥማድ በሬ እኩል ነው የሚሄዱት። ሁለቱን ለመስማት ከአስኮ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር።

የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት ብርሌ ከጠጣሁ አርፌ መቀመጥ አልችልም። «ጋሼ፣ ተቀበል!» አልኩ። አዝማሪ ተቀበል ካሉት የሰጡትን ማዜም ግዴታው ነው፤ ማን እንደሰጠው ግን ለማንም አይናገርም። እንዲህ ብዬ ሰጠኋቸው፦

ሲስቡት ይጮሃል፣ ሲገፉት ይጮሃል፤
የጌታውም ሆድ ውስጥ እንቁራሪት አለች።

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ተክለማርያም ኮምጣጣ እንደቀመሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ማሲንቆውን ሁለቴ ገዘገዙና ሲያዜሙት ሌላ ሆኖ ወጣ፦

ሲስቡት ይጮሃል፣ ሲገፉት ይጮሃል፤
ያገሬ አርበኛ፣ ጌታው ይፈራሃል።

ቤቱ ተገለበጠ። እልል ያለም አለ። ጣሊያኑ ራሱ አኮርዲዮኑን እየሳበ «ብራቮ! ብራቮ!» እያለ አብሮን ሳቀ፤ አስተርጓሚው ቀለመወርቅ ጆሮው ሥር ሄዶ እስኪያንሾካሹክ ድረስ።

መጀመሪያ ማሲንቆውን ነው የረገጠው። ቆዳው ሲተረተር ወይዘሮ ዋጋነሽ ጮኹ፤ በጥፊ ሲላቸው ብርሌዎቹ ላይ ወደቁ፤ እስካሁን ከጠርሙሱ መሀል አልተነሱም። ከዚያ ወደ ጣት ሄደ።

«ሰጪው ይውጣ!» ይላል ቀለመወርቅ፣ ላቡ እየወረደ። «አዝማሪ የሰጡትን ነው የሚለው ብዬ አስረድቼላችኋለሁ! ሰጪውን ካገኘ ይለቃቸዋል። ካላገኘ ጣታቸውን ጨርሶ ወደ አንገታቸው ነው የሚሄደው!»

ቋ!

«ሁለት ቀራቸው» አለኝ ደሜ። አውራ ጣት አይቆጠርም፤ ማሲንቆ በአራቱ ነው።

«አርበኛውን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው እኮ!»

«አንተ ባትጀምር ይጨምሩት ነበር?»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ።

ጋሽ ተክለማርያም ከንፈራቸውን ነክሰው ደሙ ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ቢያዩ አለቀልኝ፤ እሳቸውም ተረፉ። ጣራ ጣራውን ያያሉ እንጂ አላዩም። ሰደፉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ እግሬ ሳያማክረኝ ከግድግዳው ተነሳ።

«እኔ ነኝ!»

ድምፄ ሰለለች፤ እኔ ራሴ አፈርኩባት። አንዱ ወታደር መጥቶ ሰደፉን አፌ ላይ አሳረፈው። ሁለት ጥርሴን ምላሴ ላይ አገኘኋቸው፤ ተፋኋቸው።

«የአርበኛውን ግጥም የሰጠኸው አንተ ነህ?» አለ ቀለመወርቅ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከነአርበኛው።»

ጣሊያኑ የጋሽ ተክለማርያምን እጅ እንደ እቃ ወረወረው። ወደ እኔ መጣ፣ አንገቴን አንቆ አንበረከከኝ፣ ሽጉጡን ግንባሬ ላይ ተከለው። ይቀዘቅዛል። ደሜ ከግድግዳው ሥር ያለቅሳል፤ ዝም በል እንዳልለው አፌ ሞልቷል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ተለቀሃል! ሂድ ውጣ!» አላቸው ቀለመወርቅ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ተክለማርያም የተሰባበረ እጃቸውን በደህናው ታቅፈው፣ የማሲንቆውን ስባሪ ተሻግረው ደጃፉ ድረስ ሄዱ። ፀሐዩ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ይኸው ሄዱ አልኩ በልቤ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ኮቴው ቆመ። ስገልጥ ዞረዋል። እኔን ሳይሆን ጣሊያኑን ነው የሚያዩት፤ ፊታቸው ቅድም ግጥሜን ሲሰሙ እንደተጨማደደው ተጨማዷል።

«ይዋሻል» አሉ። «የሱ ስለ እንቁራሪት ነበር። ቤት እንኳ አይመታም!»