የቶፊቅ ጠረን

ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ሲያፈተልክ ሰው እንዲነቃ ኩባንያው ሽታ ይጨምርበታል። የድሮውን ግማት ሕዝቡ ስለለመደው፣ አሁን የሚጨመረው የሰው ጠረን ነው። ለድሬዳዋ የደረሳት የቶፊቅ ነው። የተቀጠረ ዕለት፣ «አቦ፣ ሌላው ሠርቶ ያልበዋል፣ እኔ ለማላብ ብቻ ይከፈለኛል!» እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ ዋለ።

ከኩባንያው ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ ሲገባ፣ ትንሿ ልጁ ሐያት ምሳ እየበላች ነበር።

«ሐያቴ፣ አባ መጣ!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሐያት ብድግ አለች። አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ምድጃውን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች፣ ከዚያ በእጁ ሥር ሾልካ ወጣች። ትምህርት ቤት ያስጠኗት እንደዚያ ነው።

«አባትሽ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች እናቷ ኢክራም፤ እሷም ግን በሩ ላይ ደርሳለች።

«አንቺም?» አላት ቶፊቅ።

«አቦ፣ እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ነው» አለች እንባዋ እየመጣ።

ቶፊቅ ሊስቅ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ነፋሱ ወደ ቤቱ በማይነፍስበት በኩል ተቀመጠ።

ቆየት ብሎ ሐያት ከደጅ አንገቷን በበሩ ወደ ውስጥ አስግጋ አየሩን አሸተተችና፣ «እማ፣ ሽታው ለቋል፤ ነይ ግቢ» ስትል ሰማት።