ያንሱ

ቡታጅራ ባለች ትንሽ ክሊኒክ፣ የነርቭ ምርመራ ባለሙያው ይትባረክ የእማማ ከድጄን አውራ ጣት ከሚያዙት፣ በሽታ እየገደላቸው ካሉት የነርቭ ክሮች ስንት እንደቀሩ በየወሩ ያለ መርፌ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ የማሽን ሽቦ ይገምታል። በመስከረም መቶ ሃያ ነበሩ፤ በጥቅምት ሠላሳ። ዛሬ ማሽኑ ዜሮ አለ። ሽቦውን ነቅሎ ደግሞ ለጠፈ፤ ያው ዜሮ።

«እንሰት መፋቁን ተዉት እንዴ?»

«ብተወው ቤቴ ምን ይበላል? ዛሬም ሁለት ተፍቋል።»

«እስቲ አውራ ጣትዎን ያንሱ።»

ጣቱ ተነሳ። ይትባረክ እፎይ አለ፤ የተበላሸው ማሽኑ ነው። «ጎበዝ፣ አነሱት።»

«እኔ መች አነሳሁ ልጄ? እጄ እኔን መስማት ከተወ ሰነበተ። ‹ያንሱ› ስትል እነሱን ያዘዝክ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«እነማንን?»

የቀሩት አራት ጣቶች አንድ በአንድ ተነሱ።