ሰላምታ የማይመልሰው ባለጢም

ስሙኝማ፣ ልጆቼ። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ ዑምኩልሱም የምትባል ባልቴት አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ እንደ እኔው። ምላሷ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፤ እሱም እንደ እኔው።

ልጇ ሙነወር ጅዳ ነው የሚሠራው። ጉንጩ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ጎረምሳ ሆኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አላገኘችውም። በቅርቡ ደግሞ ስልኳ አርዲቦ ሐይቅ ገባባት። እግሯን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል ከጉያዋ ሾለከ።

«እንግዲህ ዓሣው ያውራልሽ» እያለች ጎረቤቷ ለተብርሃን ስትስቅባት ሰነበተች።

ሙነወር ከጅዳ በተመለሰ ሰው እጅ ኮምፒውተር ላከላት። ቃልም ላከ። «ያጨኋት ልጅ አለች። እናቴ ዓይን ለዓይን እያየችኝ ካልመረቀችኝ ግን ኒካህ አላስርም።»

ኮምፒውተሩን የተከለላት አንዳርጋቸው ነው፣ አስፋልቱ ዳር ጥገና ያለው። «እማማ፣ ልጅዎ ሲደውል ፊቱ ብቅ ይላል» አላት። መንዙማ የምትሰማበትንም አሳያትና ሄደ።

እሷ ታዲያ መንዙማውን ስትነካ አንድ ሳጥን ብቅ ይላል። ምን እንደሚል ማን ያንብብላት? ደጅ የቆመን መመለስ ነውር ነው ብላ ትጫነዋለች። ያኛው ወንድሙን ያስከትላል፣ ወንድሙ አማቱን። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ሞላ፦ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ፣ የፀጉር ቅባት፣ እንደ ሠርግ ቤት መብራት የሚብለጨለጭ ነገር፣ ትከሻዋን የገለጠች ሴት።

አንዳርጋቸው ተጠርቶ መጣና ራሱን ያዘ።

«እማማ! ይሄን ሁሉ ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ግቡ ማለት እንጂ ውጡ ማለት መች ተማርኩ?»

ብሮውዘሩ ላይ እንደ መዥገር የተጣበቀውን አንድ በአንድ ነቀለው። ሲወጣም አስጠነቀቃት። «ከእንግዲህ ሳይጠሩት የመጣውን ሁሉ፣ ቀዩን ምልክት ተጭነው ያባርሩ።»

ዑምኩልሱም ግን እንግዳ ዝም ብሎ መግፋት ከበዳት። አሰበችና የራሷን ሕግ አወጣች። ሰላምታ መመለስ ዋጂብ፣ ግዴታ ነው፤ እኔ አሰላሙ አለይኩም እላለሁ፤ የመለሰ ይቀመጣል፣ ያልመለሰ ይወጣል። ሕጓን ለለተብርሃን ስትነግራት ለተብርሃን ሆዷን ይዛ በሳቅ ወደቀች።

ባለሻዩ አልመለሰም፤ ወጣ። ባለቅባቱ አልመለሰም፤ ወጣ። ቤቱ ጸዳ ስትል አዲስ መጣ፦ ነጭ ኮፍያ የደፋ፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ መኪና ተደግፎ የሚስቅ ሰውዬ። ሲመጣ ደግሞ እንደ ባጃጅ ጡሩምባ እየጮኸ ነው።

ይሄን እንኳ ማባረር አፈረች። «ሸህ ይመስላል» አለች። ሻሿን አስተካክላ «አሰላሙ አለይኩም» አለችው። ጮኸባት።

«አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ!» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መልሶ ጮኸባት።

«ይሄን ጢም ተሸክመህ ሰላምታ ትነፍጋለህ?» ቀዩን ተጫነችው።

በማግስቱ መጣ። በሰለሰው መጣ። አንዳርጋቸው ማሽኑን ገልብጦ ፈተሸ፤ ምንም አጣ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እማማ?»

«ባለጢም። መኪና ተደግፎ ይገለፍጣል።»

«የመኪና ማስታወቂያ ነዋ! ሊሸጥልዎ ነው።»

«ለኔ? ባጃጅ ላይ ስወጣ ከኋላ ሰው ለሚገፋኝ?»

የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ አጠፋ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ እንደገና ከፈተው። «አሁን ንጹሕ ነው» አለ። ሰውዬው ግን ጠዋት ከቁርስ በፊት ደረሰ።

ሙነወር ደግሞ ዝም ብሏል። ዑምኩልሱም እህል አልወርድላት አለ። ያለ ምርቃቴ አስሮ ይሆን? ረስቶኝ ይሆን? በኋላ ነገሩ ተገለጠላት፤ መንገዱን የዘጋው ይሄ ባለጢም ነው! እሱ በሩ ላይ ተገትሮ ልጄ በየት ይግባ?

«ባለጢሙንስ ማን አመጣው?» አለች ለተብርሃን።

ተያዩ። ሁለቱም አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጥገና ቤት ሄዱ።

«አንተ፣ የሚያስገባውም የሚያስወጣውም አንተው ነህ አሉ። እውነት ነው?» አለችው ዑምኩልሱም።

«በግሸኗ ማርያም፣ እማማ!» አንዳርጋቸው ማለ፤ ላብ አሰመጠው። ሲምል ደግሞ የባሰ ሌባ መሰለ።

«ጅሏስ እኔ» አለች ዑምኩልሱም ስትመለስ። «ለዓይጥ ድመት ብቀጥር፣ ድመቷ ዓይጥ ይዛልኝ ትመጣለች።»

ጁምዓ ዕለት ባለጢሙ ሲጮህ አላስጨረሰችውም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ስማ፣ እናት ካለህ አፈረችብህ። ሰላምታ የማይመልስ ልጅ ከሚኖራት መካን ብትሆን ይሻላት ነበር። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» ቀዩንም እንደ ትኋን ጨፈለቀችው።

እሱም ቀረ። በማግስቱ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ጠፋ።

ዑምኩልሱም እልል አለች። አንዳርጋቸውን አስጠርታ «ያንተ ሙያ ያቃተውን የኔ ምላስ ነቀለው» ብላ ተኩራራችበት። መንገዱ ተከፈተ፤ አሁን ልጄ ይመጣል ብላ አዲሱን ሻሿን አሰረች፣ ምርቃቷን ከንፈሯ ላይ አዘጋጅታ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ያ ጉንጨ ለስላሳ ግን አልመጣም። ተቀመጠች። አልመጣም።

ለተብርሃን ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች ገባች። «ያንቺው ሙነወር ነው! ቁጥሬን ከሰው ለምኖ አገኘ። እንኪ ውሰጂው፣ እያለቀሰ ነው።»

«እማዬ» አለ ሙነወር፣ «በኮምፒውተሩ በደወልኩልሽ ቁጥር ፎቶዬን እያየሽ ፊቴ ላይ የምትዘጊብኝ ምን በድዬሽ ነው? በስንት ሽማግሌ ብለምንሽ ትመርቂኛለሽ?»