ሃምሳኛው ቦርሳ

ቦርሳ ሰፊዋ ስልኳን እንደታመመ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። እስከ ስድስት ሰዓት ሃምሳ ቦርሳ ከሸጠች፣ የኦንላይን ገበያው ከየሽያጩ የሚቆርጥባትን ኮሚሽን በግማሽ ይቀንስላታል። አርባ ዘጠኝ ሸጣለች፤ የቀራት አራት ደቂቃ ነው። ስልኩ ጮኸ።

«ሃምሳ ሞላ! ተገላገልሽ በይ!» አለ አጠገቧ ያለው ባሏ፣ እሷ ትዕዛዙን ገና ሳታየው። የገዢውን አድራሻ ስታነበው የገዛ ቤታቸው ነው። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ለራሱ የሚሸጥ ከተገኘ እኮ የገበያው ሰዎች ሱቁን ድራሹን ነው የሚያጠፉት!» በአውራ ጣቷ «ሰርዝ» የሚለውን ነካች። ቅናሹ ገደል ገባ፤ ሱቁ ግን ተረፈ ብላ ትንፋሿን ለቀቀች።

ባልየው ጆሮውን አከከ። «ዛሬ ቸኩዬ ነው እንጂ ሌሎቹንማ በጓደኞቼ ስልክ ነበር የገዛሁት።»

«የትኞቹን ሌሎቹን?»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ አስሩም አልበቁትም።